የጎረቤት አገሮች ማኅበርና የዜጋው ድርሻ

 

እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ሥራዬ ፊደል ማስቆጠር፣ ሒሳብ ማስላትና ካርታ ማስነበብ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ታሪክ ሦስቱንም ይፈልጋል። ፊደል ያስፈልጋል፤ ስለ ውልና ስለ ቅጽ እናወራለንና። ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ማን ከፈለ፣ ማን ተጠቀመ የሚለውን እናሰላለንና። ካርታም ያስፈልጋል፤ ነገሩ የጎረቤት አገሮች ነገር ነውና።

በዜና ሰዓት «የኢጋድ መሪዎች ጉባኤ ተካሄደ፤ የኮሜሳ ሚኒስትሮች መግለጫ አወጡ» ሲባል ስንቶቻችን ነን ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገን ወደ ጨዋታችን የምንመለሰው? «ይህ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንላለን። ዳሩ ግን ያገባናል። በሱቅ የምንገዛው ዕቃ ዋጋ፣ ድንበር ላይ የሚጠየቀው ቀረጥ፣ ከብቶች ውኃና ሣር ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ፣ የዝናቡ ትንበያ ሳይቀር ከእነዚህ ማኅበሮች ጋር ይነካካል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ዕድር የማያውቅ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። ዕድር ምንድን ነው? ጎረቤታሞች ተሰባስበው፣ ደንብ ጽፈው፣ መዋጮ ቆርጠው፣ ዳኛና ጸሐፊ መርጠው፣ በክፉ ቀን ሊረዳዱ የሚያቋቁሙት ነው። የአካባቢ የኤኮኖሚ ማኅበረሰብ የሚባለውም በመሠረቱ እንደዚሁ ነው። ጎረቤት አገሮች ተሰባስበው ውል ይፈርማሉ፣ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ጽሕፈት ቤት ያቆማሉ፤ ዓላማቸውም በንግድ፣ በመንገድ፣ በጸጥታና በመሳሰለው ሁሉ ለመረዳዳት ነው። የአፍሪካ ኅብረት በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያሉ 8 ማኅበሮችን በይፋ ያውቃል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ በሁለቱ፣ በኢጋድና በኮሜሳ አባል ናት።

ታዲያ በዕድር ላይ አንድ ችግር ሲደርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አባላቱ ደንቡን ካላወቁ፣ ስብሰባ ካልመጡ፣ ሒሳቡን ካልጠየቁ፣ ዕድሩ ቀስ በቀስ የዳኛውና የጸሐፊው የግል ጉዳይ ይሆናል። ሁለቱ የተጣሉ ዕለት ዕድሩ ይፈርሳል፤ የሚጎዳው ግን መዋጮውን ሲከፍል የኖረው አባል ነው። በአገሮች ማኅበርም እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። የደረሰውም እዚሁ ጎረቤታችን፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ነው። ብልህ ከሰው ይማራል እንደሚባለው እኛም ከዚያ እንማር። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ነው። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ ወደብ ባቡር መዘርጋት ጀመሩና በ1901 ሐዲዱ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ደረሰ። የሐይቁ ማዶ ዩጋንዳ፣ የወደቡ አገር ኬንያ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። በ1917 ሁለቱ አገሮች የጉምሩክ አንድነት አቋቋሙ። የእኛው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በ1917 መሆኑን ልብ በሉ። በ1927 ደግሞ ታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና መሬት፣ ከሁለቱ ጋር ተቀላቀለች።

የጉምሩክ አንድነት ሲባል ምን ማለት ነው? ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአባል አገሮች መካከል ዕቃ ሲዘዋወር ቀረጥ አይከፈልም። ሁለተኛ፣ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉም አባሎች አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሦስት ቤቶች በመካከላቸው ያለውን አጥር አፍርሰው፣ ዙሪያውን ግን አንድ አጥር አጥረው፣ አንድ በር እንዳወጡ ቁጠሩት።

ሦስቱ አገሮች ከቀረጡ ሌላ ባቡሩንም፣ ወደቡንም፣ ፖስታውንም፣ ኋላም አውሮፕላኑን በጋራ ያዙ። ገንዘባቸውም አንድ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። ይህ ሽልንግ ለእኛም ባዳ አይደለም። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ ከ1941 ጀምሮ እስከ 1945 ድረስ በአገራችን ገበያ ይሠራበት ነበር። የኢትዮጵያ ብር በ1945 ሲወጣ ነው ቦታውን የለቀቀው። የዚያን ጊዜ ሰው የሆኑ አያቶቻችሁ ስለ ሽልንግ ሲያወሩ የሰማችሁ ትኖሩ ይሆናል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሲሠራ ሕዝቡ ተጠይቆ አልነበረም። የቅኝ ገዢው ሥራ ነበርና ማንም ማንንም አልጠየቀም። ነፃነት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ታንጋኒካ በ1961፣ ዩጋንዳ በ1962፣ ኬንያ በ1963 ነፃ ወጡ። ጁሊየስ ኔሬሬ ሦስቱ አገሮች አንድ ላይ ነፃ ወጥተው አንድ መንግሥት እንዲሆኑ ከሆነ፣ የታንጋኒካ ነፃነት ቢዘገይም ፈቃደኛ ነኝ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በ1963 መሪዎቹ ናይሮቢ ላይ አንድ ፌዴራላዊ መንግሥት እንመሠርታለን ብለው አወጁ። አልሆነም። እንዲያውም በ1966 የጋራው ገንዘብ ተለያይቶ ሦስቱም የየራሳቸውን ሽልንግ ማሳተም ያዙ።

ሆኖም ጨርሶ መለያየቱ አልተፈለገም። በሰኔ ወር 1967 ጆሞ ኬንያታ፣ ጁሊየስ ኔሬሬና ሚልተን ኦቦቴ ካምፓላ ላይ ውል ፈረሙ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መባቻ ሥራ ጀመረ። ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ሆነ። የባቡሩና የአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤት ናይሮቢ፣ የወደቦቹ ዳሬሰላም፣ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽኑ ካምፓላ ሆነ። የጋራ የልማት ባንክም ካምፓላ ላይ ተቋቋመ። በወረቀት ሲታይ እንዴት ያለ ያማረ ክፍፍል ነው!

ታዲያ ምን አፈረሰው? ሦስት ምክንያቶችን ልዘርዝር።

አንደኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ፋብሪካዎች በአብዛኛው የተተከሉት ኬንያ ውስጥ ነበር። ባለ ገንዘቡ ሁሉ መብራት፣ ባቡርና ገበያ ወዳለበት ወደ ናይሮቢ ይሄዳል። ስለዚህ ዩጋንዳና ታንዛኒያ የኬንያን ዕቃ ያለ ቀረጥ ሲገዙ ሁለት ጊዜ እንጎዳለን አሉ። አንድም ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ሲተዉ የሚያገኙት የቀረጥ ገቢ ይቀራል፤ አንድም የራሳቸው ፋብሪካ ሳያድግ ይቀጫል። የ1967ቱ ውል ይህን ለማስተካከል ደካሞቹ አገሮች ጠንካራው ላይ የተወሰነ ቀረጥ እንዲጥሉ ፈቅዶ ነበር፤ ግን ቅሬታው አልበረደም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሎሚው ሲከፋፈል አንዱ ሠላሳውን ከያዘ ጌጡ ወደ ጠብ ይለወጣል።

ሁለተኛው የመንገድ ጉዳይ ነው። ኬንያ የግል ባለሀብትን ስታበረታታ፣ ታንዛኒያ በ1967 የአሩሻውን አዋጅ አውጥታ ሶሻሊዝምን መረጠች። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲጎትት ሞፈሩ ምን ይሆናል?

ሦስተኛው የሰዎች ጉዳይ ነው። በጥር ወር 1971 ኢዲ አሚን ኦቦቴን በመፈንቅለ መንግሥት ጣሉ። ኔሬሬም ከአሚን ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ። በማኅበሩ ውል መሠረት ደግሞ ትልቁን ውሳኔ የሚሰጡት ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ተሰብስበው ነው። ሦስቱ ካልተሰበሰቡ የበላይ አካል የሚባል የለም። ስለዚህ ከ1971 ጀምሮ ማኅበሩ ራስ እንደሌለው አካል ሆነ። ባቡሩ ይሄዳል፣ ፖስታው ይታደላል፤ ነገር ግን ጭቅጭቅ የሚዳኝ፣ ዕዳ የሚያስከፍል ሰው የለም።

በ1977 መጀመሪያ የጋራው አየር መንገድ በዕዳና በጭቅጭቅ ታንቆ በረራውን አቆመ። ኬንያ የራሷን አየር መንገድ አቋቋመች። በየካቲት ወር ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች። ያገኘችውን የኬንያ የቱሪስት መኪናና ትንንሽ አውሮፕላንም ያዘች። በዚያው ዓመት አጋማሽ የማኅበሩን የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚያጸድቅ ጠፋ፤ በዚሁም አበቃ። 10 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም።

አሁን እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ የት ነበር? በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው ማሳይ ከብቱን ይዞ ከዘመዱ የሚገናኝበት መንገድ በሕግ ተዘጋ። ወደ ዛምቢያ ዕቃ የሚያደርሰው የኬንያ ከባድ መኪና ሾፌር መንገዱን አጣ። የባቡሩ፣ የወደቡና የፖስታው ሠራተኛ «የማን ሠራተኛ ነህ?» ተባለ። ከፈረሰው ማኅበር የተረፈውን ንብረትና ዕዳ ለመከፋፈል ስዊዘርላንዳዊው ዲፕሎማት ቪክቶር ኡምብሪሽት ለዓመታት ሲያስታርቁ ቆይተው፣ ሦስቱ አገሮች የፈረሙት በግንቦት ወር 1984 ነው። አስሉት፤ 10 ዓመት ያልቆየውን ማኅበር ለመካፈል 7 ዓመት ፈጀ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በታንዛኒያ የቀድሞው ማኅበር ሠራተኞች ጡረታቸውንና ካሳቸውን ለማግኘት ከመንግሥታቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ተሟግተዋል። ወጣት ሆነው የተቀጠሩ ሰዎች ሸምግለው ገንዘባቸውን ሲጠይቁ ኖሩ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሁንና ሁሉም ነገር አልጠፋም። የልማት ባንኩ ተርፏል። ሶሮቲ፣ ዩጋንዳ ያለው የአውሮፕላን አብራሪዎች ትምህርት ቤትም ተርፏል። የዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ምክር ቤትም እንደዚሁ። በ1984ቱ ስምምነት ላይም ወደፊት እንደገና መተባበር ይቻል ዘንድ በሩ ክፍት ተትቶ ነበር። በኅዳር መጨረሻ 1999 ሦስቱ አገሮች አሩሻ ላይ አዲስ ውል ፈረሙ፤ ውሉም በሐምሌ ወር 2000 ሥራ ላይ ዋለ።

ይህ አዲስ ውል በመግቢያው ላይ አንድ የሚያስመሰግን ነገር አደረገ። የቀድሞው ለምን ፈረሰ ለሚለው ጥያቄ መልሱን በጽሑፍ አሰፈረ። ጠንካራ የፖለቲካ ፈቃድ መታጣቱን ጠቀሰ፤ ጥቅሙ በአገሮቹ መካከል ሚዛን የሳተ እንደነበር ጠቀሰ፤ ይህንንም የሚያቃና በቂ ፖሊሲ እንዳልነበረ ጠቀሰ። ከእነዚህም ጋር የግሉ ዘርፍና የሕዝቡ ማኅበሮች በሥራው ጠንክረው አለመሳተፋቸውን ጨመረበት። ልብ አድርጉ፤ ይህን ያሉት ራሳቸው መንግሥታቱ ናቸው። «ሕዝቡ አላወቀውምና አልያዘልንም» ማለታቸው ነው። ስለዚህ በአዲሱ ውል ውስጥ ማኅበሩ ሕዝብን ማዕከል ያደረገ እንዲሆን መመሪያ ተደርጎ ተጻፈ።

ሚዛኑም ታሰበበት። በ2005 የጉምሩክ አንድነቱ ሲጀመር የዩጋንዳና የታንዛኒያ ዕቃ ወደ ኬንያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ሆነ። ከኬንያ ወደ እነሱ በሚገባው ዕቃ ላይ ግን፣ ለተወሰኑት ዓይነቶች፣ ቀረጡ በየዓመቱ እየቀነሰ ከ5 ዓመት በኋላ እንዲነሣ ተደረገ። ጠንካራው ትንሽ ይጠብቅ፣ ደካማው ይድረስ ማለት ነው። በ2010 ሰውና ሥራ፣ ገንዘብና አገልግሎት እንዲዘዋወር የሚፈቅደው የጋራ ገበያ ውል ሥራ ላይ ዋለ። ሩዋንዳና ቡሩንዲ በ2007፣ ደቡብ ሱዳን በ2016፣ ዴሞክራሲያዊት ኮንጎ በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 ገብተው አባሎቹ 8 ሆኑ።

«መመሪያ መጻፍማ ማንም ይጽፋል፤ ሕዝቡ በእርግጥ ምን ማድረግ ይችላል?» የሚል ካለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ምሳሌ ላምጣ። አዲሱ ውል አንድ ምክር ቤትና አንድ ፍርድ ቤት አቋቁሟል። ለምክር ቤቱ እያንዳንዱ አገር 9 ተወካዮችን በራሱ ፓርላማ አማካይነት ይመርጣል። ወደ ፍርድ ቤቱ ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በአባል አገር የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ መንግሥት ውሉን ጥሷል ብሎ ካመነ፣ አቤት ማለት ይችላል።

በ2006 ኬንያ ተወካዮቿን ስትልክ፣ ፕሮፌሰር ፒተር አንያንግ ንዮንጎና 10 ሌሎች ሰዎች «ይህ ምርጫ አይደለም፤ ፓርቲዎች ስም አቅርበው የተላለፈ ሹመት ነው፤ ውሉ ግን ምርጫ ይላል» ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ነገሩ እስኪታይ ድረስ ተወካዮቹ እንዳይገቡ አገደ። በመጋቢት 2007 ባሰጠው ፍርድም የኬንያ አሠራር ከውሉ ጋር አይስማማም አለ፤ ኬንያም በዚያው ዓመት እንደገና አስመረጠች። ዜጎች ውሉን አንብበው፣ አንዲት ቃል፣ «ምርጫ» የምትለዋን ቃል ይዘው መንግሥትን አስመለሱ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። መሪዎቹ በእግዱ ተቆጥተው በ2006 መጨረሻ ውሉን በችኮላ አሻሻሉት። ፍርድ ቤቱን በሁለት ደረጃ ከፈሉት፤ አቤቱታ አቅራቢውም ነገሩ በተፈጸመ ወይም ባወቀ በ2 ወር ውስጥ እንዲመጣ ወሰኑበት። አሁንም ዝም የተባለ የለም። የአካባቢው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሕዝብ ሳይጠየቅ ውል መቀየር ራሱ ውል ማፍረስ ነው ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2008 ሕዝቡ ባለመሳተፉ አካሄዱ የውሉን መንፈስ ጥሷል ብሎ ፈረደ፤ ማሻሻያዎቹን ግን አልሻራቸውም። ስለዚህ የ2 ወሩ ገደብ ጸንቶ ቀረ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ዜጋ ሲያነብብ ይሰማል። ዜጋ ሲዘገይ ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል።

ፍርድ ቤት የማትሄደው ነጋዴስ? ወደ ቡሲያ እንሂድ። ቡሲያ በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር ላይ፣ ግራና ቀኙ በአንድ ስም የሚጠራ ከተማ ነው። በዚያ ብዙ ሴቶች ባቄላ፣ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ዓሣ፣ ልብስ እያሻገሩ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በማኅበሩ ደንብ መሠረት፣ ዕቃው በአባል አገሮች ውስጥ የተመረተ ከሆነና ዋጋው ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር ካልበለጠ፣ እዚያው ኬላ ላይ አጭር የአገር ምርት ማረጋገጫ ቅጽ ተሞልቶ ያለ ጉምሩክ ቀረጥ ያልፋል። ለምሳሌ 150 ዶላር የሚያወጣ ባቄላ የያዘች ሴት ቅጹን ካስሞላች የጉምሩክ ቀረጥ አይጠየቅባትም።

ይህን ያላወቀች ሴት ምን ታደርጋለች? ወይ ያለ ደረሰኝ የተጠየቀችውን ትከፍላለች፤ ወይ በስዋሂሊ «ፓንያ» በሚሉት፣ ማለትም በአይጥ መንገድ፣ በጫካው ውስጥ ሹልክ ትላለች። እዚያ ደግሞ ዝርፊያ አለ፣ ድብደባ አለ፣ ከዚያም የባሰ አለ። ያቺ አንዲት ገጽ ቅጽ ናት እንግዲህ በሁለቱ መንገዶች መካከል የቆመችው። ፊደል የቆጠረ ሰውና ያልቆጠረ ሰው ልዩነታቸው እዚህ ላይ ይታያል። አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ፦ የጉምሩክ ቀረጥ የለም ማለት ምንም ክፍያ የለም ማለት አይደለም። እንደ ዕቃው ዓይነት ሌላ ግብር ወይም የጤና ምርመራ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ክፍያ የምንድን ነው? ደረሰኙስ?» የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። ኢጋድ የተወለደው ከድርቅ ነው። ከ1984–85ቱ ረኀብ በኋላ፣ በጥር ወር 1986፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ዩጋንዳ ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው ድርቅንና በረሃማነትን በጋራ ለመከላከል አቋቋሙት። በዚያ ስብሰባ ላይ ከኦጋዴኑ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኙ። በ1996 ሥራው ሰፍቶ ሰላምንና ንግድንም ያዘ። ኤርትራ በ1993 ገብታ ኋላ ስትወጣና ስትመለስ ቆይታለች፤ ደቡብ ሱዳን በ2011 ገብታለች። የዝናቡን ወቅት አስቀድሞ የሚተነብየው የኢጋድ ማዕከል ናይሮቢ፣ የግጭት ማስጠንቀቂያው ክፍል አዲስ አበባ ይገኛሉ። ገበሬውና አርብቶ አደሩ ከዚህ ትንበያ የሚጠቀመው ግን በቋንቋው፣ በወቅቱ፣ ከመዝራቱ በፊት ሲደርሰው ነው። እስኪደርሰው ዝም ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ የግብርና ባለሙያውን መጠየቅ ይገባዋል።

ኮሜሳ ደግሞ የንግድ ማኅበር ነው። በ1981 ሉሳካ ላይ በተፈረመ ውል ተጀምሮ በ1994 የዛሬውን መልኩ ያዘ። በ2000 በውስጡ ነፃ የንግድ ቀጣና ሲቋቋም 9 አገሮች ገቡ፤ ከጎረቤቶቻችን ጅቡቲ፣ ኬንያና ሱዳን ሲኖሩበት ኢትዮጵያ ግን አልነበረችም። ስለዚህ የማኅበር አባል መሆንና የነፃ ንግዱ አባል መሆን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የማያውቅ ነጋዴ «አባል ነን አይደል?» ብሎ ኬላ ላይ ይከራከራል፤ ክርክሩ ግን አያዋጣውም። መግባት ጥሩ ነው ወይስ ፋብሪካዎቻችን እስኪጠነክሩ መቆየት? ይህ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በ1960ዎቹ የተጨቃጨቁበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለባለሥልጣን ብቻ ትተን የምንተኛበት ጉዳይ አይደለም።

በሞያሌስ ምን አለ? በታኅሣሥ 2020 በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል የአንድ ጊዜ ቁም ኬላ ተመርቋል። ድሮ መንገደኛው በሁለቱም ወገን እየቆመ ሁለት ጊዜ ይፈተሽ ነበር። በዚህ አሠራር ግን የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ መንገደኛው በሚገባበት አገር በኩል አንዴ ብቻ ይቆማል። ይህን ማወቅ ብቻውን የአንድ ቀን ውሎ ያድናል።

እንግዲህ የዜጋው ድርሻ ምንድን ነው? አራት ነገሮችን ልንገራችሁ፤ እርሳስና ደብተር ያላችሁ ጻፉ።

አንደኛ፣ ቃላቱን ለዩ። ውል ተፈረመ ማለት ጸደቀ ማለት አይደለም፤ ጸደቀ ማለትም ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። በአገራችን ውል የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የማጽደቂያው አዋጅም በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የጸደቀ ውል የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ዜና ስትሰሙ «ይህ የትኛው ደረጃ ላይ ነው?» በሉ። ለምሳሌ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ውል በ2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ2019 ነው።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን ጠይቁ። ማን ያተርፋል? ማን ይጎዳል? የሚጎዳው እንዴት ይካሳል? የ1967ቱ ማኅበር ይህን ጥያቄ ጊዜው ሳያልፍ ባለመመለሱ ፈረሰ። ምክር ቤት የላካችሁት ተወካይ ወደ ወረዳችሁ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለዚህም ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ ወረቀት አንብቡ፤ ወረቀትም ያዙ። ቅጹን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። ማንበብ ገና የምትማሩ ካላችሁ ልጃችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ያንብብላችሁ።

አራተኛ፣ ተደራጁ። ብቻውን የሚጮህ ሰው ድምፁ ኬላ አያልፍም። የነጋዴዎች ማኅበር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የአርብቶ አደር ሽማግሌዎች ጉባኤ ሆኖ የሚቀርብ አቤቱታ ግን ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ጎረቤት አገሮች ማኅበር መግባታቸው ደግ ነገር ነው። ወንዛችን አንድ ነው፣ ድርቃችን አንድ ነው፣ ድንበሩም የሚያቋርጠው ወንድማማቾችን ነው። ነገር ግን የሦስት መሪዎች ወዳጅነት ብቻ የተሸከመው ቤት ሦስቱ የተኮራረፉ ዕለት እንደወደቀ አይተናል። ከውድቀቱ የተረፉትም ትምህርት ቤቱና ባንኩ፣ ማለትም ሰው በየቀኑ የሚሠራባቸውና የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። ማኅበር የሚጸናው አባሉ ሲያውቀው፣ ሲጠቀምበትና ሲጠይቀው ነው።

ከመለያየታችን በፊት በየቡድናችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች እነሆ፦

1. የጉምሩክ አንድነት ሲባል ምን ማለት ነው? በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
2. የ1967ቱ ማኅበር ከፈረሰባቸው ሦስት ምክንያቶች በእናንተ ግምት የትኛው ይከብዳል? ለምን?
3. በአካባቢያችሁ ገበያ ከጎረቤት አገር የመጡ ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ወደዚያስ የሚሄዱት?
4. በዕድራችሁ አባላት ደንቡን ያውቃሉ? ካላወቁ ምን ብታደርጉ ይሻላል?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ያልጻፈ ይናገር፤ የጻፈ ላልጻፈው ያንብብለት። በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።